ሲወድቅ የሚያምርበት ዘለቀ

ዘለቀ የሰውን ልጅ ከሦስት ነበር የሚከፍለው፤ አክተር፣ የአክተር ጓደኛ፣ ወንበዴ። አራተኛ የለም። የካውቦይ ፊልም እያየ ላደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ ላላያችሁት ግን ልንገራችሁ። አክተር ማለት ዋናው ሰውዬ ነው። ደረቱ ላይ ኮከብ የለጠፈው፣ ጥይት ሲዘንብበት ባርኔጣው እንኳ የማይወድቅበት፣ በመጨረሻ ቆንጆዋን ፈረሱ ላይ አፈናጥጦ ውልቅ የሚለው እሱ ነው። አክተር አይሞትም። የአክተር ጓደኛ ደግሞ ደግ ነው፣ ሳቂታ ነው፣ ምን ዋጋ አለው፣ ፊልሙ ሳይጋመስ ይደፋል። የቀረው በሙሉ ወንበዴ ነው፤ ይተኩሳል፣ ይስታል፣ ከፈረስ ይወድቃል።

ዘለቀ ራሱን የሚመድበው ከወንበዴዎቹ ጋር ነበር። ክፉ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ዝንብ እንኳ እሽ የማይል ሰው ነው። ነገሩ የቆየ ነው።

አባቱ ናዝሬት ውስጥ ጋሪ ነጂ ነበሩ። ፊልም ከአዲስ አበባ በባቡር ሲመጣ፣ ክብ ክብ ቆርቆሮዎቹን ከጣቢያው ወደ ሲኒማ ቤቱ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ለዚህ ውለታ ልጃቸው በነፃ ይገባል። ቆሞ ነው የሚያየው፤ ይሁን፣ ገብቷል። ፊልሙ ሲያልቅ ጋሪዎቹ የሚቆሙበት ዛፍ ሥር ልጆች ሰብስቦ ይተርክላቸዋል። እንግሊዝኛ የት ያውቅና! የአክተሩ ከንፈር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘለቀ ከሆዱ እያወጣ ይሞላበታል። «አንተ ወንበዴ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይችን ከተማ ለቀህ ትወጣለህ ወይስ እናትህን ላስለቅሳት?» ይላል ድምፁን አጎርንኖ። ልጆቹ ይንጫጫሉ።

ትረካው ሲያልቅ ጨዋታው ይጀመራል። አክተር የሚሆነው ሁልጊዜ ተስፋሁን ነው። የባለ ሆቴሉ ልጅ ነዋ! የቆርቆሮ ሽጉጥ ያለው እሱ፣ ባርኔጣ ያለው እሱ። ዘለቀ ያለው ፈረስ ብቻ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የአባቱ የጋሪ ፈረስ፣ ቦራ። ከጋሪው ፈትቶ ያለ ኮርቻ ይጋልበዋል። ተስፋሁን «ጧ!» ሲልበት ደረቱን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ይንጋለላል፣ አንድ እግሩን ፈረሱ ላይ ትንሽ ያቆያታል፣ ከዚያ አቧራው ውስጥ ዝርግት ይላል። አወዳደቁንስ ብታዩት! ሻይ ቤት የተቀመጡ ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ ብርጭቆአቸውን አስቀምጠው ያዩታል። «ዘለቀ ሲወድቅ ያምርበታል» ተባለ በሰፈሩ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ «ዛሬስ እኔ አክተር ልሁን» አለ። ተስፋሁን ከት ብሎ ሳቀ፤ «አንተ አክተር ከሆንክ ታዲያ ማን ይወድቅልናል?» አለው። ዘለቀ አሰበበት፤ እውነቱን ነው ብሎ ተቀበለ። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ላይ መቀበሉ ነው። ያን ቀን አንድ ጥፊ ቢያቀምሰው ኖሮ ምናልባት ሌላ ታሪክ ይሆን ነበር።

አገሩ ሲገለባበጥ ዘለቀ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ፣ ተንከራትቶ፣ ሎስ አንጀለስ ገባ። በፈረንጅ ሰማንያ ሰባት ላይ ዕድሜው አርባን ተሻግሯል፣ ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል። ፌርፋክስ የሚባለው መንገድ ያኔ እንደ ዛሬው ሱቁ ሁሉ የእኛ አልነበረም፤ ሊትል ኢትዮጵያ የሚል ስምም አልወጣለትም። የእትዬ ማሚቱ ምግብ ቤት ነበረች፣ በቃ። የዘለቀ ሚስት ወሰንየለሽ እዚያ ኩሽና ውስጥ ትሠራለች፤ ቀን ወጥ ስትሠራ ውላ ማታ ማታ እንግሊዝኛ ትማራለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው እዚያ ይሰበሰባል። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን አሮጌ የካውቦይ ፊልም ያሳያል፤ ዘለቀም እንደ ልጅነቱ ይተርካል።

ከሁሉ በላይ የሚያዳምጡት ጋሼ ንጋቱ ናቸው። የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው፤ ልጃቸው ናት ያስመጣቻቸው፤ እንግሊዝኛቸው ከ«ሄሎ» አያልፍም። ፊልም በተጀመረ ቁጥር የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው።

«አክተሩ የቱ ነው?»

«ያ ባለ ጥቁር ፈረሱ፣ ጋሼ።»

«በል እንግዲህ፣ እሱን አደራ!» ይሉታል፤ ዘለቀ ገብቶ የሚያድንላቸው ይመስል።

ይህ ሰው አንድ ምኞት ነበረው፤ የነገረውም ለሚስቱ ብቻ ነው። አንዲት ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እውነተኛ የካውቦይ ፊልም ላይ ከፈረስ መውደቅ። አክተር መሆንማ በሕልሙም አልመጣ! ይጋልባል፣ ጧ ይባላል፣ ይወድቃል፣ አቧራው ይነሳል፤ በቃ። «እውነት ሆሊውድ እየሠራሁ አንዲት ፈረስ እንኳ አላይም?» ይላታል። «ታብዳለህ እንዴ? ወገብህ ቢሰበር ማን ያስታምምሃል?» ትለዋለች። ግን ሲያወራላት ደስ ይላት ነበር። ያን ሲያወራ ፊቱ የልጅ ፊት ይሆናል።

ሆሊውድ እሠራለሁ ማለቱ ውሸት አይደለም። የሚሠራው ግን መኪና ማቆም ነው። የሀብታም ምግብ ቤት በር ላይ ቀይ ጃኬት ለብሶ ቁልፍ ይቀበላል፣ መኪናውን ፓርክ ያደርጋል፣ ባለቤቱ በልቶ ሲወጣ ያመጣለታል። ሰውን በመኪናው እንጂ በፊቱ አያውቅም። የዚያ ቤት አስተናጋጆች ነገር ደግሞ በጣም ይገርመው ነበር። ሳህን የሚያመላልሰውን ጎረምሳ ሥራህ ምንድን ነው ብትለው «አይ አም አን አክተር» ነው መልሱ። በሩን የምትከፍተዋም አክተር። ብርጭቆ የሚያጥበውም አክተር። «የእነዚህ ልጆች ጉራ አይጣል ነው!» ይለዋል ዘለቀ አብሮት ለሚሠራው ለወርቁ፤ «አንዳቸው እንኳ የአክተር ጓደኛ ነኝ አይሉም?» ወርቁ ከመጣ ገና መንፈቁ ነው፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ «ጉረኞች!» ይላል።

ኅዳር ሲያልቅ ሆሊውድ የገና ሰልፍ አላት፤ ሙዚቀኛው፣ ያሸበረቀ መኪናው፣ ፈረሰኛው ሁሉ ይሰለፋል። የዚያን ዓመት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ፈረሶቹን ከጭነት መኪና ሲያወርዷቸው አንዱ ደነበረ። ኮርቻ ገና አልተጫነበትም። ልጓሙን እየጎተተ፣ መንገዱን ሰንጥቆ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እነ ዘለቀ ፓርኪንግ! ሰዉ እሪ ብሎ ግራና ቀኝ ተበተነ። ወርቁ የቁልፍ ማስቀመጫው ኋላ ሄዶ ተወሸቀ። ዘለቀ ግን ከናዝሬት ወዲህ ፈረስ ነክቶ አያውቅም፤ እንኳን ሊሸሽ፣ ደስ አለው።

ሳይሮጥ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ አባቱ ቦራን እንደሚያባብሉት ከንፈሩን እየመጠጠ ቀረበው። ልጓሙን ያዘ፣ አንገቱን ዳበሰ። ከዚያ ምን እንደነካው እንጃ፣ ጋማውን ጨብጦ ጉብ! ቀይ ጃኬቱን እንደለበሰ በእነዚያ ውድ መኪኖች መሃል ፈረሱን ዞር ዞር አድርጎ አረጋጋና፣ መንገዱ ድረስ ጋልቦ ለባለቤቶቹ አስረከበ። ሰው አጨበጨበለት። አቤት፣ አባቱ ያን ጊዜ ባዩት!

ሲመለስ አንድ ደንበኛ መኪናው አጠገብ ቆሞ ይጠብቀዋል። ነጭ ጺሙን የከረከመ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት ሰማያዊ መኪና ያለው ሰውዬ ነው። ፊልም ይሠራል ይባላል። ዘለቀን ከእግር እስከ ራሱ አየውና ጠየቀው።

«አር ዩ አን አክተር?»

አስቡት እስቲ! የፊልም ሰው፣ በሆሊውድ ምድር፣ ዘለቀን አክተር ነህ ወይ ሲለው! ልቡ ቀጥ ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ደግሞ አፈረ። ሰው ሲሳሳትበት ዝም ይበል? እንደነዚያ አስተናጋጆች ይቅጠፍ? እንዲህ ዓይነት ነውር እሱ ዘንድ የለም። ሁለት እጁን አወናጨፈ።

«ኖ፣ ኖ፣ ሰር! ሚ ኖ አክተር! ኖ!»

ሰውዬው ፈገግታው ከሰመ። «ሪሊ?» አለ፣ እውነት እንዴ እንደማለት። ትንሽ ቆመ፤ ሌላ ነገር ይጠብቅ ነበር። ዘለቀ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ። «ቱ ባድ» አለና ሰውዬው ቁልፉን ተቀብሎ ሄደ። ዘለቀ ሰማያዊዋ መኪና ከዓይኑ እስክትጠፋ ቆሞ ሸኛት። ያን ቀን ከእሱ የበለጠ ደስተኛ ሰው በሆሊውድ አልነበረም።

ማታ ሲገባ ወሰንየለሽ ተኝታለች፤ ጠዋት ሳይነቃ ወጥታለች። ሰኞ ዕረፍቱ ነውና በምሳ ሰዓት ፌርፋክስ ከች አለ። ታክሲ ነጂዎቹ አሉ፣ እትዬ ማሚቱ አሉ፣ ጋሼ ንጋቱም ቦታቸው ላይ ናቸው። ቆሞ ተረከው፤ ፈረሱን ራሱን ሆኖ ደነበረ፣ ወርቁን ሆኖ ተወሸቀ፣ ሰውዬውን ሆኖ ጺሙን ዳበሰ።

«እናላችሁ፣ አክተር ነህ ወይ አይለኝም! እኔን! ኧረ አይደለሁም ጌታዬ፣ ኖ አልኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ቱ ባድ!› ባድ ማለት ምንድን ነው? መጥፎ። በፊልም ላይ መጥፎው ማነው? ወንበዴው! አንተማ ሲበዛ ወንበዴ ነህ ማለቱ እኮ ነው። ዓይን አለው ሰውዬው!»

ሳቁ ቤቱን አናወጠው። «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉ ጋሼ ንጋቱ፤ «ሌላው ቢሆን አዎ ብሎ ይዋሽ ነበር።» እትዬ ማሚቱ «የጀግና ድርሻ ነው» ብለው ወጥ ጨመሩለት። ወሰንየለሽ ብቻ ከኩሽናው በር ላይ፣ የሽንኩርት ቢላዋዋን እንደያዘች ቆማ አልሳቀችም።

ሥራዋን ስትጨርስ አብረው ወጡ። ኦሊምፒክ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ያዛቸው።

«ምነው አንቺ አልሳቅሽም?» አላት።

«ደክሞኝ ነው።»

«ወስኔ፣ አውቅሻለሁ እኮ።»

መሐረቧን አጣጥፋ ዘረጋች፣ ዘርግታ አጣጠፈች። «ዘለቀ፣ አክተር ማለት እዚህ አገር ዋናው ሰውዬ ማለት አይደለም። ፊልም ላይ የሚሠራ ሁሉ አክተር ነው። ባለ ኮከቡ ሸሪፉም፣ ወንበዴውም። ከፈረስ የሚወድቀውም አክተር ነው የሚባለው። ሰውዬው ፊልም ትሠራለህ ወይ ነው ያለህ።»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ኋላቸው ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ዘለቀ አልሄደም።

«ቱ ባድስ?»

«ያሳዝናል ማለት ነው።»

ጡሩምባው ሲደጋገም መኪናውን አንቀሳቀሰ፤ ቤታቸው ደጃፍ ደርሶ፣ መኪና ማቆም እንጀራው የሆነ ሰው፣ ጎማውን የእግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ አቆመው። ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የፈለግሁት ነገር ደጄ ድረስ መጥቶ ሲጠይቀኝ ኖ አልኩት» አለ። ወሰንየለሽ ምነው አፌን በቆረጠው አለች በሆዷ። ሳያውቅ ደስ ብሎት ቢኖር ምን ነበረበት? ያን ሳቁን ካፉ የነጠቀችው እሷ መስሎ ተሰማት።

ግን ወሰንየለሽ እጅ አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። «ሰውዬው ደንበኛ አይደል? ሆዱ አንድ ቀን ይመልሰዋል» አለችው። ሁለት ዓረፍተ ነገር አስጠናችው። ‹አይ አም አን አክተር። አይ ራይድ ሆርስስ።› አክተር ነኝ፤ ፈረስ እጋልባለሁ። «ፈረሱን ባስቀድምስ?» አላት። «አይሆንም፤ መጀመሪያ የጠየቀህን መልስለት፣ ፈረሱን አስከትል» አለችው፤ አስተማሪዋ እንደዚያ ነው ያስተማረቻት። ጠዋት ጫማውን ሲያስር ያስለዋል፣ ማታ እግሯን ስትታጠብ ያሰማታል። መጀመሪያ ላይ «አክተር ነኝ» ሲል ዓይኑን መሬት ላይ ይተክል ነበር፤ የሰው ዕቃ የሰረቀ ይመስለዋል። «ቀና በል!» ትለዋለች። ቀስ በቀስ ቀና አለ።

ጠበቀ። ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ። ሰማያዊ መኪና በታጠፈ ቁጥር ጃኬቱን ያስተካክላል። ወርቁ ሺፍት እንቀያየር ብሎ ቢለምነው እምቢ አለ፤ ሰውዬው እሱ በሌለበት ቢመጣስ? በዕረፍት ቀኑም እየሄደ መንገድ ማዶ የሚቆምበት ጊዜ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገብቶ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ ወርቁ ከተቀበላቸው መኪኖች አንዷን፣ ጥቁር፣ ገና ከሱቅ የወጣች፣ ዘለቀ አምጥቶ በሩን ከፈተ። ባለቤቱ «ታንክ ዩ» ሲል ድምፁን ለየው። ቀና ቢል ነጭ ጺም! ወይ ጉድ፣ መኪናውን ቀይሯል ለካ! ያን ሁሉ ወራት ሰማያዊ ሲጠብቅ ሰውዬው በጥቁር ይመጣል። ዘለቀ ወሰንየለሽ እንዳለችው ቀና ብሎ፣ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ፣ አጥርቶ ተናገረ።

«ሰር፣ አይ አም አን አክተር።»

ሰውዬው አየው። አላወቀውም። ከልቡ ሳቀና ትከሻውን መታ መታ አደረገው። እዚህ ከተማ ውስጥ አክተር ያልሆነ ማን አለ፣ ወዳጄ? አለው። እጁ ላይ ቲፑን አስጨበጠው፣ ገባ፣ መስኮቱ ተዘጋ።

«ሆርስ!» አለ ዘለቀ። ከሁለተኛዋ ዓረፍተ ነገር የወጣችለት አንዷ ቃል ብቻ ናት። «ሆርስ፣ ሰር! ሆርስ!» እያለ ትንሽ ሮጠ። ሁለት እጁን ልጓም እንደያዘ አድርጎ እያሳየ ነበር። በሩ ላይ ያሉት አስተናጋጆች ሳቁ። መኪናዋ ታጠፈች።

ፈረሱን አስቀድሞ ቢሆን ኖሮ! ፈረስ ብሎት ቢሆን ሰውዬው ያስታውሰው ነበር። አክተርማ ያ ሰውዬ በየበሩ ሲሰማው የሚውለው ቃል ነው። ወሰንየለሽ ይህን ስትሰማ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ ያልኩህ» አለች። «ተይው፣ መውደቅ እንደሆነ ለምጄዋለሁ» አላት። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ወይም በሌላ መኪና መጥቶ ሌላ ሰው ተቀብሎት ይሆናል። ወሰንየለሽ የማታ ትምህርቷን አቋረጠች። አስተማሪዋ ምን አጠፋች? ግን ሰው ሲቆጨው የሚጥለው ነገር ይፈልጋል።

በዓመቱ መጨረሻ፣ አንድ እሁድ፣ እትዬ ማሚቱ ቤት ቴሌቪዥኑ ላይ አዲስ የካውቦይ ፊልም መጣ። ከሸሪፉ ጋር ኮከብ ደረቱ ላይ የለጠፈ ጥቁር ሰው ይጋልባል። ቤቱ ተንጫጫ። ያ ባለ ነጭ ጺሙ የሠራው ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ ዘለቀም አልጠየቀም። እሱ የሚያየው የሰውዬውን እጅ ነው። ልጓሙን አጥብቆ ይዞታል፤ ፈረሱ አፉን እያመመው አንገቱን ይወዘውዛል። ላላ አድርግለት፣ ላላ፣ ይላል ዘለቀ በሆዱ። መተረኩን ትቶታል።

«ምነው ዝም አልክ?» አሉ ጋሼ ንጋቱ። «ይሄ የኛ መልክ ያለው፣ አክተር ነው ወንበዴ?»

«አክተር ነው፣ ጋሼ።»

«ያኛውስ፣ የሚያሳድደው?»

«እሱም አክተር ነው።»

«ወዲያ! ያ አሁን ከፈረስ የወደቀውስ?»

«እሱም ነው፣ ጋሼ። ሁሉም አክተር ናቸው። እዚህ አገር የሚወድቀውም አክተር ነው የሚባለው።»

ጋሼ ንጋቱ ነገሩን አሰቡት፣ አሰቡት፣ ከዚያ ከልባቸው ሳቁ። ጉልበቱን ቸብ እያደረጉ «እንዲያማ ከሆነ አንተም አክተር ነበርክ በለኛ!» አሉት።

ኩሽናው ውስጥ የወሰንየለሽ ቢላዋ ሽንኩርት መክተፉን አቆመ።

«ነበርኩ፣ ጋሼ» አለ ዘለቀ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።